በጉን የደበቅንበት እሁድ

ወሬውን የሰማሁት ከገበያ ወጥቼ፣ ምስርና ጎመን የያዘውን ከረጢት መኪናዬ ውስጥ ሳስገባ ነው። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። የነሐሴ ፀሐይ እዚህ አትላንታ አስፋልቱን አለስልሶ ከጫማ ጋር ያጣብቀዋል። ልጄ ደወለች።

«ማሚ፣ ያ በሬዲዮ እንደ በግ ይጮህ ነበር ያልሽኝ ሰውዬ የለ? ሞቷል እኮ። ልጁ ፖስት አድርጋዋለች።»

«ማን? ደረጀ?»

«የስ፣ ጋሽ ደረጀ። ማሚ? ሄሎ? ድራይቭ እያደረግሽ ነው እንዴ?»

አልተቆጣኋትም። እዚህ ያደገች ልጅ ናት። መርዶ በስልክ፣ ያውም ብቻውን ለቆመ ሰው እንደማይነገር ከየት ታውቃለች? እኛ ግን እናውቅ ነበር። በማወቃችን ተመክተን ነው ያን በደል የሠራነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት። ኢስት ፖይንት እኖራለሁ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። ደረጀ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ የእነሱንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። ሁለታችንንም ወደ ሬዲዮ የሳቡን ጋሽ ታምራት ናቸው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚተላለፍ የአማርኛ ፕሮግራም ያዘጋጁ ነበር።

ጋሽ ታምራት በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ተምረዋል። ከዚያ ያመጡት አንድ ካሴት ነበራቸው፤ የቆየ የእንግሊዞች የሬዲዮ ኮሜዲ። አንድ ሰውዬ ፎቅ ቤቱ ውስጥ ፈረስ ደብቆ ከአከራዩ ጋር የሚገባበት ትርምስ ነው። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ድምፁ ይገባኝ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ፣ ደረጃው ሲንቋቋ፣ የማላየው ሕዝብ ሲስቅ። «እነዚህ ሰዎች ምንም ሳያሳዩሽ ቤቱን በሙሉ ያሳዩሻል» ይሉ ነበር ጋሽ ታምራት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ያንን ክፍል ወደ አማርኛ መለሱትና ፈረሱን በግ አደረጉት። ለፋሲካ ኮንየርስ አካባቢ ካለ ገበሬ በግ ገዝቶ አፓርትመንቱ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚደብቅ ባል፣ የምትንጨረጨር ሚስት፣ ቧንቧ ልይ ብሎ ከች የሚል ማኔጀር። ባልየው ራሳቸው ጋሽ ታምራት፣ ሚስትየዋ እኔ። ደረጀ ማኔጀሩንም በጉንም ይሆናል። ሰሎሞን የሚባል ልጅ ደግሞ ድምፁን ይሠራ ነበር፤ ገንዳው ውኃ የሞላ ሳፋ ነው፣ የበጉ ኮቴ በመጋገሪያ ትሪ ላይ የሚንኳኩ ሁለት የሻይ ስኒዎች።

ልምምዱ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ፈጀ። የጥዱ አበባ ብናኝ ከተማውን ቢጫ አልብሶት፣ ሁላችንም ድምፃችን ተዘግቶ እያስነጠስን። በጾም እንዲያ መንከትከቱ ከብዶኝ የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። «በሰው አትሳቂ እንጂ ሳቁስ ግድ የለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣» ይላል ደረጀ ሽሮው ሲቀርብ፣ «ሁለት ሰው ሆኜ እየሠራሁ አንድ ሳህን ብቻ?»

«ለበጉ ውጭ ሣር አለለት፣ ውጣና ጋጥ።»

«ጽግዬ፣» ይላል ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺም ድምፅሽን ቀንሺ። ባል የሚያገኝሽ መስሎሻል? እኔ በግ ሆኜ እንኳ ፈራሁሽ!»

ሆቴሉ ውስጥ ማንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ለሁሉም «ሃውስኪፒንግ» ነበርኩ። ማይክራፎን ፊት ስቆም ግን ሰው እሆን ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ፣ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ፣ «የዳግም ትንሣኤ ዕለት ሬዲዮ ክፈቱ» ብዬ ነግሬአለሁ። ይህን የምጽፈው ኃጢአቴ ከዚህ ስለሚነሣ ነው።

ፋሲካ አለፈ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ስልኩ ይጮሃል፤ የደረጀ ታላቅ እኅት ከአዲስ አበባ።

«ጽግዬ፣ እማዬ ዛሬ አረፈች። ለእሱ አልደወልንም። ሰው ሰብስባችሁ፣ አባብላችሁ ንገሩልኝ። አደራሽን፣ ብቻውን እንዳይሰማ።»

ሌሊቱን አልቅሼ ዓርብ ጠዋት ጋሽ ታምራት ቤት ሄድኩ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«በቃ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ እንነግረዋለን» አሉ። «ኮሜዲው ይቅር። እሁድ መዝሙር እናሰማለን።»

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ብናደርገውስ?» አልኳቸው። «ሰኞ የእሱ ዕረፍት ነው። ሐዘኑ የትም አይሄድበት፣ አንድ እሁድ ደስ ይበለው።»

አዩኝ። «አንቺ የሰፈሩ ልጅ ነሽ፤ አደራውም ላንቺ ነው የተሰጠው። አንቺ ካልሽ...» ብለው ተዉት። ለደረጀ አዝኜ የተናገርኩ አስመሰልኩ። እውነቱን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ድምፄ እንዲሰማ ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ለመጨረሻው ልምምድ ተገናኘን። ደረጀ አዲስ ካሴት ገዝቶ መጥቷል። «ሰሎሞን፣ ነገ ጥርት አድርገህ ቅዳልኝ። ለእማዬ ነው የምልከው። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች እኮ፣ ጽግዬ ታውቃታለች። አይደል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

እሁድ ኮሜዲው በቀጥታ ተላለፈ። እንደዚያን ቀን ያማረልን የለም። ማኔጀሩ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል፣ እኔ «የባሌ እናት ናቸው፣ ብርድ መቷቸው ነው» አልኩ። ጽሑፉ ላይ የነበረ ቃል ነው። ለሳምንታት ስስቅበት ኖሬ ያን ዕለት ከአፌ ሲወጣ ደረጀን ማየት ፈርቼ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ። ደረጀ ግን በዚያች ሰከንድ ተቀበለኝና እንደ በግ «ባአአ» አለ፤ ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠው ቴክኒሺያን አማርኛ ሳያውቅ በሳቅ ተደፋ። መጨረሻ ላይ ሰላምታ ማቅረብ ልማዳችን ነው። ደረጀ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለ። ትከሻው ትከሻዬን ይነካል።

«እማዬ፣ ካሴቱ ሲደርስሽ ለጎረቤት ሁሉ አሰሚ። ልጄ አሜሪካ ሄዶ በግ ሆነ በያቸው።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አሥራ ሦስት ሆነን በአራት መኪና ሄድን። ሴቶቹ ነጠላችንን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀን ለብሰናል። ጋሽ ታምራት አንኳኩ። ደረጀ በፒጃማ፣ ፀጉሩ እንደቆመ ከፈተ። በር ላይ የቆምነውን ጥቂት አስተውሎ ቢያየን ኖሮ ይገባው ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ፤ ለትናንቱ ልንደሰትለት የመጣን መስሎታል። ሁለት እጁን ዘርግቶ በሙሉ ድምፁ እንደ በግ ጮኸልን።

የሳቀ የለም። ቀስ ብሎ እጁን አወረደ። ዓይኑ ነጠላዬ ላይ አረፈ።

«እማዬ ናት?»

ጋሽ ታምራት አቀፉት። ሴቶቹ እዬዬ ሲሉ እሱ አላለቀሰም። «መቼ?» አለ።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ።» ደግሞ ዞሮ አየን፣ አንድ በአንድ። «እናቴ ሐሙስ ሞታ፣ እሁድ በሬዲዮ በግ አደረጋችሁኝ? ማነው ይቆይ ያለው?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ታምራት ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ እንዳይቀርብኝ ብዬ።»

ደረጀ ከእቅፋቸው ወጣ። «ከቤቴ ይውጡልኝ» አላቸው። ወጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሦስቱንም ቀን ውኃ አቀረብኩለት፣ እግሩን አጠብኩ።

ኋላ ጋሽ ታምራትን ለምን እንደዋሹልኝ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ እዚህ ከእሱ በቀር የሰፈር ሰው የለሽም። እኔን ይጥላኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ኮሜዲ አልሠሩም። የነፍስ አባቴ «ሂጂና ንገሪው» አሉኝ። ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ልጁ ክርስትና ስትነሣ እያልኩ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። ደረጀ ባገኘኝ ቁጥር ጉንጬን ስሞ ያጫውተኛል። አንድ ቀን በሠርግ ቤት፣ «አንቺ ብትሆኚ እኮ የዚያኑ ዕለት ትነግሪኝ ነበር» አለኝ። አቀርቅሬ ምግቤን በላሁ።

ለቀብሩ ጋሽ ታምራት በልጃቸው መኪና መጥተው ነበር። ሰማንያን አልፈዋል። ከመኪናው አልወረዱም፤ የደረጀ ባለቤት በሩቁ አይታቸው፣ «ባሌ በቁሙ ስማቸውን መስማት አይፈልግም ነበር» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እጇን ይዤ ነበር። ያኔም ዝም አልኩ።

የደረጀን ይቅርታ በዚህ ዓለም አላገኘውም፤ አሳልፌዋለሁ። ጋሽ ታምራት ግን አሁንም አሉ፣ የእኔን ዕዳ ተሸክመው። የደረጀ አርባ በመጪው ቅዳሜ ስኔልቪል በቤቱ ይወጣል። ሰሎሞን፣ የት እንዳለህ አላውቅም። ያን ሰኞ ጠዋት በር ላይ አብራችሁኝ የቆማችሁ ሁሉ፣ በሕይወት ያላችሁ፣ እባካችሁ ቅዳሜ በጠዋት ኑልኝ። የምናገረው እኔ ነኝ፤ ከእናንተ አንዲት ቃል አልፈልግም። ብቻ ጋሽ ታምራት ሲመጡ ከመኪናው አውርዳችሁ፣ ግራና ቀኝ ደግፋችሁ አስገቡልኝ።