ለሰኔ ሦስት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ጎይቶም ሃያ ሰባት ዓመት በዳኝነት ሲሠራ አንድም ቀን ቀጠሮ ሰብሮ አያውቅም። ይህን የሚሉት ወዳጆቹ ብቻ ቢሆኑ ማንም ባላመነ ነበር፤ የፈረደባቸው ሰዎችም ይሉታል። የእጅ ሰዓት የሌለው ባለጉዳይ እሱ ወደ ችሎት ሲገባ አይቶ ሦስት ሰዓት መሙላቱን ያውቅ ነበር።

ቀጠሮ መለወጥ ግድ ሲሆንበት ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ቀጣዩን ቀን ከመናገሩ በፊት፣ ጉዳዩ ያልታየበትን ምክንያት በገዛ እጁ ጽፎ ጮክ ብሎ ያነባል። ምስክር ቀርቶ ከሆነ ምስክር ቀረ ይላል፤ ጥፋቱ የመዝገብ ቤቱ ከሆነም አይሸፍንም። አንድ ጊዜማ «ዳኛው መዝገቡን አንብቦ ባለመጨረሱ» ብሎ አንብቦ ጠበቆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ከሩቅ ገጠር በእግሩ መጥቶ በባዶ እጁ የሚመለስ ሰው ቢያንስ ምክንያቱን ይዞ ይመለስ ባይ ነው።

ተወልዶ ያደገው መቐለ አጠገብ ባለችው ቁሓ ነው። አባቱ የጤና ጣቢያ ዘበኛ ነበሩ፤ ሰዓት ማክበርን የወረሰው ከእሳቸው ሳይሆን አይቀርም። ሕግ ተምሮ ሲጨርስ ወልዲያ ተመደበ፤ እዚያ የጠፋ መዝገብ ፈልጎ በማግኘት የምትታወቅ እታለም የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አገኘና አግብቷት መቐለ ይዟት መጣ፤ እሷም የእሱ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። እታለም ትግርኛውን ጥርት አድርጋ ትናገራለች፤ ስትቆጣ ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ቀረ።

በጦርነቱ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ። ሲከፈት መዛግብቱ ወለል ላይ ተበታትነው፣ ግማሹ በዝናብ በስብሶ ጠበቃቸው። ባልና ሚስት አምስት ወር ሙሉ ተንበርክከው ገጽ ከገጽ አገናኙ። የጎይቶም ጉልበት ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ልቡም እንዲሁ።

ከዚያ ተፈናቃዮቹ መምጣት ጀመሩ። ቤታቸውን፣ እርሻቸውን፣ ከብታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች፣ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» እያሉ በሩ ላይ ተሰለፉ። ጎይቶም ሁሉንም ይሰማል። ሰምቶ ሲያበቃ ግን ያለችው አንዲት መልስ ናት፤ ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለውም። ይህችን መልስ በቀን አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ሃያ ጊዜ ይሰጣል። ማታ ቤቱ ሲገባ መናገር ያስጠላው ጀመር።

የልጅነት ጓደኛው ሽሻይ፣ የአንድ ፓርቲ ሰው፣ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለች ካፌ ተቀምጠው ሳለ፣ ሽሻይ ማኪያቶውን እያማሰለ፣

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሥልጣን የለኝም እያልክ እስከ መቼ? ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ና» አለው።

ጎይቶም ነገሩን ለእታለም አማከራት። እሷ ያኔ ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን አስቀምጣ አየችው።

«አንተ እኮ ሁለቱን ወገን ሳትሰማ ጨው እንኳ አትጨምርም። እነሱ ደግሞ አንዱንም ሳይሰሙ ይወስናሉ። እንዴት ልትሆን ነው?»

«ሰዎቹ ሄደው የሚጠይቁት ሰው ይኑራቸው ብዬ ነው።»

«ይሁን» አለች። ይሁን ያለችው ግን ስለደከመው አዝናለት እንጂ ስለተስማማች አልነበረም።

ካባውን ሰቅሎ ሹመቱን ተቀበለ፤ የመጠለያ ጉዳይ በሚመለከት አንድ ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ሆነ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ጎይቶም መብላቱ ቀርቶበት ምሳ ሰዓትም አጣ። ስብሰባው ስብሰባ ይወልዳል። በስብሰባ ላይ የሌለ ሰው ሲወቀስ እጁን አውጥቶ «ባለጉዳዩ ይጠራና መልስ ይስጥ» ይላል፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ትንሽ ቆይቶ ዋናው ወሬ ሻይ ሰዓት ላይ እሱ በሌለበት ያልቅ ጀመር። ማታ ማታ እታለም ስትጠይቀው «ዋልን» ብቻ ይላታል።

በሚያዝያ ወር ሽሻይንና ሌሎችን ይዞ፣ ተፈናቃዮች የሰፈሩበት አንድ ትምህርት ቤት ሄደ። አርባ አንድ ቤተሰብ በሰባት ክፍል ውስጥ ይኖራል። ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚለየው ገመድ ላይ የተሰቀለ አንሶላ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከቁሓ ወጣ ብሎ ወደሚሠራላቸው መጠለያ እንደሚዛወሩ ተነግሯቸዋል፤ ቀኑን ግን የነገራቸው የለም። ከሁሉም የሚበልጡት፣ ሁሉም ኣዴ፣ እማማ፣ የሚላቸው ኣዳነች ነበሩ። ባላቸውንና አንድ ልጃቸውን መንገድ ላይ ቀብረው ሦስት የልጅ ልጆች ይዘው የመጡ ሰው ናቸው።

«አንተ ያ ዳኛው ነህ አሉ» አሉት በትግርኛ። «ወደይ፣ ልጄ፣ በቅርቡ በቅርቡ ሲሉን ሦስት ክረምት ሆነን። ቀጠሮ ስጠኝ። ቀጠሮ ያለው ሰው መጠበቅ አያቅተውም።»

ጎይቶም ወደ ሽሻይ ዞረ። «ቤቱ መቼ ያልቃል?»

«ሰኔ መግቢያ ላይ» አለ ሽሻይ፣ ስልኩን እያየ።

ዳኛ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ይህን ምስክርነት በሦስት ጥያቄ ባፈራረሰው ነበር። አሁን ግን እጁ ቀደመው። ከማስታወሻ ደብተሩ ቀደደና፣ ሃያ ሰባት ዓመት በለመደው አጻጻፍ፣ «ለሰኔ 3 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተቀጥሯል» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። ኣዴ ኣዳነች ወረቀቷን ሳሟትና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ከኋላቸው ሰልፍ ተሠራ። የዚያን ቀን አርባ አንድ ቀጠሮ ጻፈ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨ ገባ።

ግንቦት ሲጋመስ የቤቶቹ ግድግዳ ቆሞ ነበር፤ ጣሪያ የለም። ቆርቆሮው መቼ ይመጣል ሲል አንዱ ወደ ሌላው ይልከዋል። ደብዳቤ ጻፈ፤ በር ላይ ቆመ፤ ኃላፊውን ደጅ ጠና። «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። ሽሻይ ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ፤ የደነገጠው ግን ስለ ቤቱ አይደለም።

«ቀን ጻፍክላቸው? ፈረምክበት? አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ቀን አይጻፍም እኮ! በቅርቡ ነው የሚባለው!»

«ጠየቁኛ።»

«ይጠይቁ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተጻፈውማ ምን ይባላል?»

ከሁለት ቀን በኋላ ሽሻይ ራሱ መላ አመጣ። አዲስ አበባ የሦስት ቀን ስብሰባ አለ፤ ጽሕፈት ቤቱን ወክሎ ጎይቶም ይሂድ። በረራው ሰኔ ሦስት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል። ሰዎቹ ሲመጡ ለሥራ ወጥቷል ይባላሉ፤ ነገሩም በዚያው ይበርዳል። ጎይቶም አልተቃወመም። እውነቱን ለመናገር፣ ደስም ብሎት ነበር፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

በዚያ ጠዋት እታለም ሻንጣውን በር ላይ አኖረችለት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«መዛግብቱን ስንለቅም ያልከኝ ትዝ ይልሃል?» አለችው። «የሰው ቀጠሮ ነው፣ መሬት ላይ አይቀርም ብለኸኝ ነበር።»

ሻንጣውን አነሳ። ዓዲ ሓቂ ከሚገኘው ቤቱ ወጥቶ ባጃጅ ያዘ። ሮማናት ላይ ታክሲዎቹ መንገዱን ዘግተው ሲጯጯሁ ሰዓቱን አየ፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ሰዓት ካባውን እየለበሰ ነበር።

«አየር ማረፊያው ይቅር» አለው የባጃጁን ሹፌር። «ወደ ትምህርት ቤቱ አዙረው።»

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን አልፎ ገባ። ገብቶም እግሩ ቀጥ አለ። አርባ አንዱም ቤተሰብ ሜዳው ላይ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ ድስትና ጀሪካኑ በገመድ ታስሯል፣ አንሶላዎቹ ከየክፍሉ ወርደው ጓዝ ተጠቅልሎባቸዋል። ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸው ተቀብቶ፣ ጓዙ ላይ ተቀምጠዋል። ክፍሎቹ ተጠርገው ባዶ ሆነዋል። ቀጠሮ ስላላቸው ለቅቀው ወጥተዋል።

«መጣ!» አለ አንድ ልጅ።

ጎይቶም እስከ ኣዴ ኣዳነች ድረስ ሄዶ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። «ኣዴ፣ ቤቱ አላለቀም» አላቸው።

ከኋላ አንዲት ሴት ፍራሿ ላይ ቁጭ አለች። ኣዴ ኣዳነች የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው፣ በላብ የወየበችውን ወረቀት ዘረጉለት።

«አንተ በሰዓትህ መጥተሃል» አሉ። «በል ሌላ ቀን ጻፍልኝ።»

ብዕሩን አወጣ። ወረቀቷን ገልብጦ ጀርባዋ ላይ ጻፈና፣ እንደ ችሎቱ ጊዜ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ አነበበ።

«ያልተፈጸመበት ምክንያት፤ ጎይቶም የማያውቀውን ቀን እንደሚያውቅ አድርጎ ስለ ሰጠ።»

ፈርሞ ሰጣቸው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ለቀሩት አርባውም ያንኑ ጻፈላቸው። ያቺ ፊርማ ሽሻይ እጅ ስትገባ ሹመቱ እንደሚያበቃ ያውቅ ነበር፤ አበቃም። በዚያ ጠዋት ግን ያሰበው ስለዚያ አልነበረም።

ኣዴ ኣዳነች ወረቀቷን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው አስነበቧት፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ቀኑስ?»

«ቀኑን አላውቀውም፣ ኣዴ።»

ብዙ ሰው ዋሽቷቸዋል፤ አላውቅም ያላቸው ግን አልነበረም። ደመናው ከቁሓ በኩል እየከበደ ነበር። ወረቀቷን መልሰው ቋጠሯትና ጎንበስ ብለው የጓዛቸውን አንድ ጫፍ ያዙ።

«በል ወደይ» አሉት፣ «ዝናቡ ሳይመጣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ጎይቶም በታመመ ጉልበቱ ተንበርክኮ በወዲያኛው በኩል ያዘና፣ ወደ ባዶው ክፍል አብረው አስገቡት።