የእግሬ ጣት የጻፈው

ልጄ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ሻንጣዋን ሸክፋ ጨርሳለች። የቀራት የእኔ ልብ ብቻ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቡሬ አጠገብ ባለችው ቤታችን የምንኖረው ሁለታችን ነን፤ ደረቴን ሲወጋኝ ደጋግማ አይታለች።

«ሐኪሞቹ ልብዎ ደህና ነው ካሉኝ እሄዳለሁ፤ አይደለም ካሉኝ ሥራው ይቅር» ብላ ቆረጠች።

«ሂጂ እንጂ!» አልኳት አፌን ሞልቼ። ሆዴ ግን ሌላ ይላል።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሄድን ዕለት፣ ሰው ፊት እንዳላሳፍራት ማልዳ እግሬን አጥባ ቫዝሊን ለቀለቀችኝ። ወጣቱ ባለሙያ አጋድሞኝ፣ የልብ ምትን ወረቀት ላይ ከሚጽፍ መሣሪያ ጋር የተያያዙ የልብስ መቆንጠጫ የመሰሉ ነገሮች እጆቼና ቁርጭምጭሚቶቼ ላይ ሊያስር ሲል፣ እግሬ ላይ ያለው እየተንሸራተተ አስቸገረው።

«አባቴ፣ ምን ተቀብተው ነው?»

«ልጄ ልትድረኝ አስባ መሰለኝ።»

እሷ እየሳቀች አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገችልኝ። አጎንብሳ፣ ማታ ማታ ከእርሻ ስገባ እግሬን እንደምታጥበኝ አድርጋ።

«እንግዲህ እንዳይንቀሳቀሱ። እግር ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ላይ ይወጣል» አለ ባለሙያው።

ይህ ለእኔ ዓይነቱ ሽማግሌ ይነገራል? ዓይኔን እንደ ብርቱ በሽተኛ ጨፈንኩና በጋቢዬ ሥር የግራ አውራ ጣቴን አወዛውዝ ጀመር። ልቤ ታሞ ከተገኘ ልጄ ቀረችልኝ ማለት ነው።

ባለሙያው ወረቀቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

«አባቴ፣ ከሁለቱ እጆችዎ የመጣው መስመር ንጹሕ ነው። የተንቀጠቀጠው ግራ እግርዎ የገባበት መስመር ብቻ ነው። ይሄ ልብዎ አይደለም።»

ልጄ ጋቢውን ገለጠች። ጣቴ፣ ተው የሚለው ጠፍቶ፣ አሁንም ሥራ ላይ ነው። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ጣቴን በመዳፏ ያዘችው።

«አባባ፣ ቅሪ ካሉኝ እኮ እቀራለሁ። ለምን አይሉኝም?»

«ወሬም ይቅር፣ እንደገና ላነሳ ነው» አለ ባለሙያው። ያን ጊዜ እንደሱ የወደድኩት ሰው የለም፤ መልስ ከመስጠት ገላገለኝ። ሁለተኛው ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሐኪሟም አይታ ለዕድሜዬ ደህና ነው አለች።

በሄደች ዕለት ሚኒባሱ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ እንድመርቃት ነው። እንባዬ ሳይቀድመኝ ብዬ «ቫዝሊኑን የት አስቀመጥሽው?» አልኳት። ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን ትንሽ እንዳጎነበሰች ቆየች፣ ምናልባት ይመርቁኝ ይሆናል ብላ። ረዳቱ ተጣራ፤ ገባች።

አሁን እግሬን የማጥበው ራሴ ነኝ። ወገቤ ስለማይታጠፍ ግማሹ ሳይታጠብ ያድራል።

ትደውላለች። «አባባ፣ ልብዎ እንዴት ነው?»

«ጣቴ ደህና ነው» እላታለሁ።

ትስቃለች። ምርቃቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ይቆማል። ስልኩ ሲዘጋ ባዶው ቤት ውስጥ ሆኜ እመርቃታለሁ።