ስልሳ አንደኛው መጽሐፍ

መጽሐፉ ሪያድ የገባው ሽሮና በርበሬ በተጠቀጠቀበት ሻንጣ ውስጥ፣ የሁለቱንም ሽታ ጠጥቶ ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ የሥራ ባልደረባዬ ባል በፌስታል ጠቅልሎ ሲሰጠኝ አመሰገንኩት፤ በሩን እንደዘጋሁ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ገጾቹን አንድ በአንድ መቁጠር ነበር። እኔ መጽሐፍ አላምንም፤ በተለይ በሰው እጅ የዞረ አሮጌ መጽሐፍ ሙሉ ነው ብዬ አላምንም። ሙሉ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ገለጥ አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው በርበሬው አስነጠሰኝ። ከበርበሬው ሥር ግን የማውቀው የአሮጌ ወረቀትና የሙጫ ሽታ ነበር፤ የአባቴ ጠረጴዛ ሽታ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሹመይሲ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አርባ አራተኛ ዓመቴን የያዝኩ ሰሞን፣ ጡረታ ሳልወጣ መቶ የዱሮ መጻሕፍት አነባለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ግማሹ የአገራችን፣ ግማሹ የውጭ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ገጽ መዝለል የለም፣ ያላለቀ መጽሐፍ አይቆጠርም፣ ሲያልቅ በደብተሬ ላይ በራሴ ቃል አንድ ገጽ እጽፋለሁ። እስከ ዘንድሮ ስልሳ ጨርሻለሁ። ከሩሲያ የመጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፤ ስሞቹ ስለተመሳሰሉብኝ ማን የማን ባል እንደሆነ የደም ናሙና ላይ እንደምንለጥፈው ባለች ወረቀት ጽፌ ሽፋኑ ላይ ለጠፍኩት። አሥራ አራተኛውን እንቅልፍ እያዳፋኝ ስላነበብኩት እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ፤ በደብተሬ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አለ። ከመጽሐፍ ይበልጥ የምጠረጥረው ግን አንባቢን ነው። ሰው "አንብቤዋለሁ" ሲለኝ ሳላስበው "መጨረሻው ምን ሆነ?" እላለሁ፤ በዚህ ጠባዬ አንድ ሁለት ወዳጅ ሳላጣበት አልቀረሁም።

ጠባዩን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ከአሰላ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ጋሽ ታደለ ይለዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ለሰው የማይሰማማበት አንድ የቆርቆሮ ክዳን ክፍል ነበር፤ አባቴ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይጠብቀዋል። መጻሕፍቱን ሁሉ በጋዜጣ የሚለብዳቸው ራሱ ነው፤ ጋዜጣውን በማስመሪያና በምላጭ ይቆርጠዋል፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ካልወጣለት ጥሎ ሌላ ይጀምራል። መጽሐፍ የሚመልስ ተማሪ ፊቱ ይቆማል። አባቴ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ አድርጎ፣ እጁ እንዳመጣለት አንድ ገጽ ገልጦ ጥቂት መስመር ያነብና "ከዚህ በኋላስ?" ይላል። የሚንተባተብ መጽሐፉን ይዞ ይመለሳል። ልጁ ስለሆንኩ ለኔ ይብስ ነበር፤ አዳላ እንዳይባል ሦስት ቦታ ገልጦ ይጠይቀኛል።

ከዚያ ጠረጴዛ የምታወጣን ዘነበች ነበረች። እናቷ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ድንች የምትቸረችር፣ በእንጀራ አባት የምታድግ የክፍላችን ልጅ ናት። መጽሐፍ በሁለት ቀን ትጨርስና ከኳሱ ሜዳ ወዲያ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ሰብስባን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትተርክልናለች፤ ሽማግሌውን ስትሆን ድምጿ ይጎረንናል፣ ሙሽራዋን ስትሆን አንገቷን ትሰብራለች፣ ፈረሱን ስትሆን ደግሞ እኛ ራሳችን እንሸሻለን። ሰባት ነበርን፤ ሽፋኑን እንኳ ሳንገልጥ መጽሐፍ ተውሰን እንመልሳለን፣ የአባቴንም ጥያቄ በዘነበች አፍ እንመልሳለን። ዛሬ መቶ ብዬ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ወደ ሃያ የሚሆኑት በልጅነቴ አንብቤያቸዋለሁ ብዬ ስምልባቸው የኖርኩ ናቸው። በዓይኔ አይቻቸው ስለማላውቅ ነው ዝርዝሬ ውስጥ ያስገባኋቸው።

እወዳት ነበር፤ እቀናባትም ነበር። አባቴ እሷን አይጠይቃትም፤ መጽሐፉን ተቀብሎ ሌላ ይሰጣታል፣ አልፎ አልፎም ቤት ውስጥ አይቼው የማላውቀውን ፈገግታ ፈገግ ይልላታል።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን ከአውራጃ ሰዎች መጥተው የትምህርት ቤቶችን መጻሕፍት ሊመረምሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚባልበት ዘመን ነበር፤ አባቴ ምሳውን ሳይጨርስ መነሣት ጀመረ፣ ቤተ መጻሕፍቱንም ከውስጥ ዘግቶ ይውላል። በዚያው ሰሞን ዘነበች ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኞቹ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ተርካልን በሠርግ አለቀ፤ የጭሰኛው ልጅ የሚወዳትን አግብቶ፣ አገር ተጠርቶ። ሰባታችንም ተራ በተራ አባቴ ፊት ቆመን ሠርጉን አወራን። የሚገርመው ሰባታችንንም በዝምታ ሰምቶ አሳለፈን። አንዲት ቃል ስትሳሳት የሚይዝ ሰው ለምን ዝም እንዳለ ያኔ አልጠረጠርኩም፤ በሕይወቴ መጠርጠር የነበረብኝ ቀን ያ ነበር።

ከአውራጃ የተላከው ሰውዬ ሽጉጥ ታጥቆ መጣ። እኔ መደርደሪያ እንድወለውል ተደርጌ እዚያው ነበርኩ። አንዱን ያነሣል፣ አንዱን ይጥላል፤ ያንን መጽሐፍ አነሣና ከኋላው ገልጦ "መጨረሻው የት ሄደ?" አለ። አሥራ አንድ ገጽ ከሥሩ ተቆርጧል። አባቴ የውሰቱን ካርድ አወጣ፤ ከሁላችን በኋላ ለራሷ ደግማ ተውሳው ስለነበር የመጨረሻው ስም የዘነበች ነው። "ሂጂ ጥሪያት" አለኝ። ከክፍል ጠርቼ አመጣኋት።

"አንቺ ነሽ የቆረጥሽው?" አላት ሰውዬው።

አባቴን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። "አዎ" አለች።

ሰውዬው ሳቀና ወደ ሌላው መደርደሪያ አለፈ። ለሱ አንዲት ባለጌ ልጅ የሠራችው ጥፋት ነበር፤ ለዘነበች ግን በዚያ አላበቃም። ከቤተ መጻሕፍት ታገደች፣ ወላጅ አምጪ ተባለች፣ እንጀራ አባቷ "ትምህርቱ ሌብነት ካስተማራት ይበቃታል" ብሎ በዚያው አስቀራት። ሠርጉን የፈጠረችው የቆረጠችውን ለመሸፈን ነው ብዬ ለጓደኞቻችን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። በሜዳው ላይ "ሌባ" የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንዲት ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት፣ የምትንከባከባቸውን አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጥታ፣ "የጋሽ ታደለ ልጅ አይደለሽም?" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዘነበች ነበረች፤ ዑረይጃ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ሠርታለች። ከዚያ ወዲህ ማዳሟ ስትፈቅድላት በወር ሁለት ዓርብ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ኢቃማዋ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዷ እድሳት ታማርራለች፣ ስለ አገር እናወራለን። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን አንድ መጽሐፍ አላዋስኳትም። ስለ ዝርዝሬ ትንፍሽ አላልኩም፤ ስትመጣ ለመደርደሪያው ጀርባዋን በምትሰጥበት ወንበር አስቀምጣታለሁ፣ ስትሄድም መደርደሪያዬን በዓይኔ እዳብሳለሁ። እሷም ልትወጣ ስትል ሁልጊዜ ስልኬ ጠፋኝ ትልና የቦርሳዋን ዕቃ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፋለች፤ ዝርክርክነቷ ያስቀኝ ነበር። ከቤት ስትወጣ ቦርሳዋን ለማዳሟ እያሳየች የኖረች ሴት፣ እኔ ቤት ለማን ብላ እንደምትዘረግፈው የገባኝ በቅርቡ ነው።

ስልሳ አንደኛው መጽሐፍ ያ ነው፤ የባላባቱና የጭሰኞቹ። ሐሙስ ከሥራ ተመልሼ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ገጾች አነበብኩ። ሠርግ የለም። ባላባቱ ከወደቀ በኋላ በድሆች ስም ወንበሩን የያዘው ሰውዬ እሱ ራሱ ባላባት ሆኖ፣ ገበሬዎቹ ፊቱ ቆመው አንድ በአንድ ያደረገውን ይነግሩታል። ደግሜ አነበብኩት። ይህንን አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ልታደርገው ትቆርጠዋለች? ይህንን የሚቆርጠው የሚፈራ ሰው ነው። ያኔ የአውራጃው ሰውዬ ገልጦ ሲያሳየን ያየሁት የተቆረጠው ጠርዝ ዓይኔ ላይ መጣ። ልጅ ስትቀድ ወረቀቱ ይቦጫጨቃል፤ ያ ግን በማስመሪያና በምላጭ የወጣ፣ ቀጥ ያለ ነበር።

ዓርብ ዘነበች መጣች። ሻይዋን ቀዳሁላት፣ መጽሐፉን ከፊቷ አስቀመጥኩና "ዘኒ፣ የቆረጠው አባባ ነው" አልኳት።

ሽፋኑን በመዳፏ ጠረግ አደረገችው። "ስወስደውም ተቆርጦ ነበር" አለች። "ጋሼ፣ መጨረሻው የለም አልኩት። አንቺ ጨርሺው አለኝ፤ ጨረስኩት።"

"ታዲያ ለምን አዎ አልሽ?"

"ፊቱን አየሁዋ። እኔን ቢበዛ ይገርፉኛል፣ እሱን ግን ይወስዱታል ብዬ ነው። የወሰዱት ሰው እንደማይመለስ በዚያን ጊዜ ያላወቀ ልጅ ነበር እንዴ? ኸላስ፣ አለፈ።"

አለቀስኩ። ይቅርታ አልኳት፤ ስለ አባቴ፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ መደርደሪያው ሁሉንም ነገርኳት። ይህንንም ውሰጂ፣ የፈለግሽውን ሁሉ ውሰጂ አልኳት። ሳቅ ብላ መጽሐፉን ወደኔ መለሰችው።

"አሁን ምን ያደርግልኛል እህቴ? ከጠዋት እስከ ማታ ማዳም ትጠራኛለች። ዓይኔም የአሮጊቷን መድኃኒት ለይቶልኝ ከዋለ ተመስገን ነው።" ሻይዋን ፉት አለችና ስለ ሙቀቱ እንደምታወራ ሁሉ ድምጿን ሳትቀይር ቀጠለች። "በጋሼ አልተቀየምኩም፤ ፈርቶ ነው። አንቺን ግን ጠብቄሻለሁ። አንድ ቀን ዘኒ፣ እውነት አንቺ ነሽ ወይ ትለኛለች እያልኩ። ያኔም አላልሽኝም፣ እዚህ ተገናኝተንም አላልሽኝ። ዛሬም መጽሐፉ ነገረሽ እንጂ አልጠየቅሽኝም።"

የሚመልሳት ሾፌር ከታች ደወለ። "ያላ፣ ልሂድ" ብላ ሳመችኝና ወጣች።

ደብተሬን ከፍቼ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ለስልሳ አንደኛው አንድ ገጽ መጻፍ አለብኝ፣ እስከ ዛሬ ግን ባዶ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ መጻሕፍት ይቀሩኛል፤ ዕድሜ ከሰጠኝ እጨርሳቸዋለሁ። ሰባት ልጆችን አፍ አስከፍታ የምታስቀምጥ ያቺ ልጅ በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት ታነብ እንደነበር፣ ስንት ልጅ ሰብስባ ትተርክ እንደነበር፣ ምናልባትም ራሷ ምን ትጽፍ እንደነበር ግን አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። አባቴ ከሞተ ስምንት ዓመት አለፈው፤ እሱን መጠየቅ አልችልም። እሷን ግን፣ በወር ሁለት ዓርብ፣ ከፊቴ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች፣ መጠየቅ እችል ነበር።