ያልደፋሁት ውሃ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም፤ ሳያውቅ ሞተ። ልጆቼም አያውቁም። ዛሬ የምጽፈው ይቅለለኝ ብዬ አይደለም። በየለቅሶው «አማቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች» እየተባልኩ መመረቄ ስላንገሸገሸኝ ነው።

ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ሁለተኛ ደረጃም እዚያው ጨርሼ፣ ድንበር ተሻግሬ ሀርጌሳ ተዳርኩ። አማቴ ኩላሊታቸው የደከመ ሴት ነበሩ። ሐኪሙ የተማርሽ ነሽ ብሎ ለብቻዬ አስረዳኝ። ጤነኛ ኩላሊት ከምግብ ከምናገኘው ፖታሲየም ለሰውነት የሚበቃውን ያስቀራል፣ ትርፉን በሽንት ያስወጣል። የእሳቸው ማስወጣት ተስኖታል። ትርፉ ደማቸው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ጡንቻ ያዝላል፣ ልብ ያቆማል። ስለዚህ ፖታሲየም የሚበዛባቸው ተምርና ሙዝ ተከለከሉ። ድንች ከበሉ ተልጦ፣ በስሱ ተከትፎ፣ ተዘፍዝፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፤ ፖታሲየሙ አብሮ ይሄዳል። ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም።

አማቴ ግን ለጎረቤት ይሳለቁብኝ ነበር። «የድሬዋ ምራቴ ምግብም እንደ ልብስ ታጥባለች!» ሲሉ ጎረቤቱ ይስቃል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የመንግሥት አውሮፕላኖች ከገዛ ከተማችን ማረፊያ እየተነሱ እኛኑ ይደበድቡን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ድንበር ሸሸ። እኛ ቀረን። አማቴ ረጅም መንገድ መራመድ አይችሉም፣ ባሌም «እናቴን ጥዬ አልሄድም» አለ። ልጆቼ አልጋ ስር ተደብቀው ያለቅሱ ነበር። እኔ በማን ተናደድኩ? ቦምብ በሚጥሉት? አይደለም፤ በአሮጊቷ። እሳቸው ካልሞቱ አንወጣም ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩ።

ቤት የቀረው ድንች ነበር። ውሃም ነበረን፤ ትንሽ ቢሆንም ለእሳቸው ይበቃ ነበር። ድንቹን ሳልዘፈዝፍ ቀቀልኩት፤ ውሃውንም ሳልደፋ ሾርባ አደረግኩት።

«ውሃውን ደፋሽው?» አለ ባሌ።

«ደፍቼዋለሁ» አልኩ።

አማቴ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ! ዛሬ ገና ጣዕም አገኘሁ። አየሽ ልጄ፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ!» ብለው ሳቁ።

ጨመርኩላቸው። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ አደረግኩ።

መጀመሪያ እግራቸው ዛለ፣ ቀጥሎ እጃቸው። አንድ ማለዳ ልባቸው ቆሞ አገኘናቸው። ቀበርናቸውና በዚያው ቀን ከሀርጌሳ ወጣን። ባሌ መንገዱን ሙሉ «ጦርነቱ እናቴን ገደለብኝ» እያለ አለቀሰ። እኔ ከጎኑ ልጆቼን ይዤ ተራመድኩ። ጦርነቱ የገደለው መች አነሰውና የእኔንም ጫንኩበት?

ለልጆችሽ ብለሽ ነው አትበሉኝ። ልጆቼ ተርፈዋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ድስቱን ሳማስል ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የልጆቼ ልቅሶ ብቻ አልነበረም፤ ያ የጎረቤት ሳቅም ነበረ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሴት ሳህናቸውን ጠርገው፣ አመስግነውኝ ሄደዋል።