የግርማ ምሳ ዕቃ

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ በር አጠገብ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ አረንጓዴ ምሳ ዕቃ አየሁና እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ባለ ሦስት ድርብ ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀይ አበባ አለበት፣ ጠርዙ ተላልጧል። ሻጩ አመሌን ስለሚያውቅ ሳልጠይቀው በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ። ልጄማ "ምግብ ቤት ልትከፍቺ ነው?" እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ። ምሳ በፌስታል የሚቋጥር ትውልድ ምን ያውቃል!

የእኛ ቤት ምሳ ዕቃ ሰማያዊ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአፈሳ ተይዞ ከከተማው ዳር ያለ ካምፕ ገባ። የታፈሱትን ወደ ግንባር እስኪላኩ ድረስ ማየት ክልክል ነው፤ ምሳ ማቀበል ግን ይቻላል። ስሙን ፕላስተር ላይ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ። በየቀኑ ከሰፈራችን ከአቦከር ተነስቼ ያን ሁሉ አቧራ ለብሼ እደርሳለሁ፤ ዘበኛው ያስገባልኛል፤ ባዶው እስኪወጣ አጥሩ ሥር እንቆራጠጣለሁ። ባዶ ከመጣ ግርማ አለ ማለት ነው። እማዬ ዕቃውን ስሰጣት በእጇ መዘን አድርጋ "ተመስገን" ትላለች።

አንድ ረቡዕ ባዶውን ተቀብዬ መንገድ ላይ ከፈትኩት። የታችኛው ድርብ ላይ የዕንቁላል አስኳል ተጣብቋል። እማዬ በጭንቀት ቀኑ ጠፍቷት ይሆናል፤ ግርማ ግን ታሞ እንኳ ረቡዕና ዓርብን የማይገድፍ ልጅ ነው። እሱ ቢሆን እንዳለ ይመልሰው ነበር። ሮጬ ተመልሼ ዘበኛውን ለመንኩት። ግራ ቀኙን አየና፣ "እህቴ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ እነ ግርማን ጭነዋቸዋል። የበሉት የቀሩት፣ ከገጠር የመጡ ጠያቂ የሌላቸው ልጆች ናቸው" አለኝ።

ለእማዬ እንዴት ብዬ ልንገራት? ዋጥኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷ ትሠራለች፣ እኔ አደርሳለሁ፣ ባዶውን እመልሳለሁ፣ እሷ "ተመስገን" ትላለች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ አልቻልኩም፤ ግርማ ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ የለም አልኳት።

መክተፏን አላቆመችም።

"ረቡዕን የምረሳ ይመስልሻል?" አለች። "ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ መኪኖቹ ሲያልፉ ሰምቼ፣ ግርማ ካለ ይመልሰዋል ብዬ ዕንቁላሉን አውቄ ነው የጨመርኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺ ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ ነዋ። የበላውም የሰው ልጅ ነው።"

ግርማ አልተመለሰም። እማዬም ካረፈች ቆየች። አረንጓዴውን ዕቃ አጥቤ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት፤ ደግሞ አወረድኩት፤ ደግሞ ቦታ ለወጥኩለት። ልጄ አርፈሽ ተቀመጪ ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልረፍ? እናትና ልጅ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ አብረን ማልቀስ ስንችል፣ ሦስት ሳምንት ተደባብቀን ለየብቻችን አለቀስን።