ወደ ቃሚሽሊ የሄደው ካርድ

ዋርዴ ወረቀት እጇ በገባ ቁጥር አውራ ጣቷን በአራቱም ጠርዞቹ ላይ ታስኬዳለች። የመብራት ደረሰኝ ይሁን፣ የሐኪም ማዘዣ ይሁን፣ ዳቦ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ይሁን፣ ዳስሳ ሳትጨርስ አታነበውም። ላይኛው ጠርዝ ላይ ጣቷ ትንሽ ይቆያል። ባሏ አቡ ጂርጂ በሕይወት ሳለ፣ "ባረክሽው? አሁን ማንበብ ይቻላል?" እያለ ይቀልድባት እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

የምኖረው በሶርያ፣ ሐለብ ከተማ፣ ሱርያን ሰፈር፣ ከእሷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው። የገና ጾም ሲገባ ካርድ ላግዛት እወጣለሁ። ስንሠራ ብዙ አናወራም። ይህንን ታሪክም በአንድ ጊዜ አልነገረችኝም። አንዱን ዓመት ትጀምረዋለች፣ ሙጫው ይደርቅባትና ትተወዋለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አቡ ጂርጂ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረው። የሠርግ ጥሪና የሱቅ ደረሰኝ ያትም ነበር። ይበልጡን የሚያትመው ግን በየግድግዳው የሚለጠፈውን የሞት ማስታወቂያ ነው። ሰው ሲሞት ጊዜ የለም፤ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ መዋል አለበት። ስለዚህ ጣት የሚያህለው ጥቁር ክፈፍ አስቀድሞ ይታተምና መሃሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። የሚቀረው የሟቹ ስም ብቻ ነው። ክፈፉ የተንጋደደበት ወይም ቀለም የተንጠባጠበበት ወረቀት ለዋርዴ ይመጣል። እሷም ጥቁሩን ዙሪያውን ቆርጣ ታወጣና ከነጩ መሃል የገና ካርድ ትሠራለች። በዚያን ዘመን እንደዚያ ያለ ወፍራምና ነጭ ወረቀት በከተማው ሌላ ቦታ አይገኝም ነበር።

"ሰው ቢያውቅስ?" አልኳት።

"ማን ነግሮት?"

በካርዱ ፊት ላይ የሚለጠፈው ኮከብ ከስንዴ አገዳ ነው። አገዳውን የምትልክላት ታናሽ እህቷ ሽሙኒ ነበረች፣ ከአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ከቃሚሽሊ፣ በየዓመቱ አጨዳ ሲያልቅ፣ በአሮጌ ሻርፕ ጠቅልላ። ዋርዴ በሞቀ ውኃ ትዘፈዝፈዋለች፣ በምላጭ ትሰነጥቀዋለች፣ በካውያ ስትተኩሰው እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል። ከዚያ በቀጭኑ ቆርጣ በዱቄት ሙጫ ትለጥፈዋለች። የሽሙኒ ማሳ ኮከብ ሆኖ ወደ ሽሙኒ ይመለሳል።

አሠራሯ አንድ ልማድ ነበረው። መጀመሪያ ትጽፋለች፣ ጥቁሩን የምትቆርጠው በመጨረሻ ነው፤ ክፈፉ መስመሩን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝላት። ሌላው ልማድ የቤተሰቡ ነው። ከቤት የራቀ ሰው ካለ፣ ከሁሉም በፊት የእሱ ስም ከላይ ለብቻው ይጻፋል።

ይህ በሆነበት ዓመት የራቀው አፍራም ነበር፤ የሽሙኒ አንድ ልጅ፣ ውትድርና ላይ፣ ከድንበር ማዶ፣ በሊባኖስ በቃዕ ሸለቆ። ሽሙኒ ባሏ ሞቶባታል። ከልጇ ደብዳቤ ካየች ስድስት ሳምንት አልፏል።

የገና ሳምንት ረቡዕ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ የመልኬ መኪና ከታች ጡሩንባውን ነፋ። መልኬ በሐለብና በቃሚሽሊ መካከል ሰው የሚያመላልስ ታክሲ ነጂ ነው፤ ፖስታ ቤቱን የማያምን ሁሉ ደብዳቤውን ለእሱ ይሰጣል። መብራት ጠፍቶ ነበር። ዋርዴ የመጨረሻዋን ካርድ፣ የሽሙኒን፣ በሻማ እየቆረጠች ነው።

"ኡም ጂርጂ፣ ገናው ራሱ ቀድሞኝ ሊደርስ ነው እኮ" አለ መልኬ ከታች፣ እንደ አገሩ ልማድ ዋርዴን "የጂርጂ እናት" ብሎ እየጠራ።

"መጣሁ። አትጩኽ፣ ሰው ተኝቷል።"

"የነቃውን ምን ብዬ ልቀስቅሰው? ክሌጃስ የለም ዘንድሮ?"

ክሌጃው ቴምር የተሞላ የበዓል ብስኩት ነው። "አንተ መንገድ ላይ የምትበላው ነው ወይስ ለእህቴ የምታደርሰው?" አለችው በደረጃው ስትወርድ።

"ምን ለያቸው?"

ሳቀች። ፖስታዎቹንና ክሌጃውን ሰጠችው። መኪናው ሄደ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ የናፍጣ ምድጃውን ልትለኩስ ተቀመጠች። የተቆረጡትን ጥቁር ጠርዞች አትጥላቸውም ነበር፤ የአንዱን ካርድ አራቱን አንድ ላይ ጠምዝዛ እሳት ታስይዝባቸዋለች። የመጨረሻዎቹን አነሣች። ሦስት ናቸው።

ጠረጴዛው ሥር አየች። ምንጣፉን ገለጠች። የቀሚሷን ኪስ ገለበጠች። የመቀሱን አፍ ሳይቀር ከፍታ አየች። ከዚያ ሄዳ ባሏን ቀሰቀሰችው።

"ሦስት ናቸው" አለችው።

"እነማን?"

"ጠርዞቹ። የሽሙኒ ካርድ ላይ አንዱ ቀርቷል። ላይኛው ነው። የአፍራም ስም ያለበት።"

አቡ ጂርጂ ዓይኑን አሸ። "እና? ሽሙኒ እንደሆነች ማንበብ አትችልም። ጌጥ ነው ብላ ታልፈዋለች።"

"አንድ ቃል ትችላለች።"

ሽሙኒ የልጇን ስም ከነቅርጹ አጥንታ ነበር፤ የወታደሮች ደብዳቤ የሰፈሯ ባለሱቅ ዘንድ ተከምሮ ሲመጣ የራሷን ለይታ ለማንሣት። በዓለም ላይ ካለ ጽሕፈት ሁሉ የምታውቀው ያን ብቻ ነው። ጥቁር ክፈፍ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ማንም ፊደል ሳይቆጥር ያውቃል። ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ አፍራም። ያውም ከማተሚያ ቤት ባለቤት ቤት የመጣ።

"ልቧ ደካማ ነው" አለች ዋርዴ። "ካርዱን የሚያነብላት ሰው እስኪመጣ አትቆይም።"

አቡ ጂርጂ ሱሪውን በፒጃማው ላይ አጠለቀ። ጥግ ካለው ፋርማሲ ወደ ባለሱቁ ስልክ ደወሉ። አንዴ ተይዟል፣ አንዴ ጭራሽ ድምፅ የለውም። ፋርማሲስቱ፣ "ዝናብ ሲጥል መስመሩ እንዲህ ነው፣ ከሰዓት ሞክሩ" አለ። ከሰዓት መልኬ ቃሚሽሊ ይገባል።

"እኔ ልሂድ" አለ አቡ ጂርጂ።

"አንተ እዚህ ሆነህ ደውል። እኔን ነው ማየት ያለባት።"

ቀጣዩ መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ከኋላ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ዋርዴ በመስኮቱ በኩል፣ አጠገቧ እርግብ በሣጥን የያዘች ወፍራም ሴት፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሽማግሌ።

"ምንም ዕቃ የለሽም እኮ" አለቻት ባለእርግቧ። "ለበዓል ባዶ እጅ ይኬዳል?"

"ቀድሞኝ ሄዷል" አለች ዋርዴ።

"ዕቃው ቀድሞ፣ ሴትዮዋ ኋላ" አለ ሽማግሌው። "የእኔ ሚስትም እንዲሁ ናት። አፏ ቀድሞ ይደርሳል።"

ባለእርግቧ ሳቀች። ዋርዴ በጉም የተሸፈነውን መስኮት በእጅጌዋ ጠረገች። ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ከፊት ነጭ መኪና በታየ ቁጥር መልኬ ነው ትላለች፤ ሲደርሱበት ሌላ ይሆናል። የመልኬ ጎማ ይፈንዳ ብላ ለመነች። ወዲያው ደግሞ በዚያ ዝናብ ጎማ ቢፈነዳ መኪናው ይገለበጣል፣ ነፍስ አለበት፣ ብላ ደንግጣ ልመናዋን መለሰች። ይፈንዳ፣ አይፈንዳ፤ ኤፍራጥስን እስኪሻገሩ እንዲሁ ስትል ቆየች። እህቷ ካርዱን ስትከፍት እየታየቻት ነው። ሽሙኒ ፖስታ አትቀድም። በቢላ ጫፍ ታላቅቅና ኮከቡ እንዳይሰበር በሁለት እጇ ነው የምታወጣው።

ተል ተመር ከምትባል ከተማ አጠገብ ነጂዎች ምሳ የሚበሉበት ቤት አለ። ዋርዴ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች።

"መልኬ አልፏል?" አለችው ባለቤቱን።

"የሐለቡ? በየመንገዱ ሰው ሲያወርድ አርፍዶ መጣ፤ በልቶ ሄደ፣ ግማሽ ሰዓት ይሆነዋል። ብድር አለብሽ ወይስ አለበት?"

"ምንም ተናግሯል?"

"ምስር ሾርባዬ ውኃ ነው አለ። ምን ሊናገር ኖሯል?" ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ ተቀመጪ። ውኃ ላምጣልሽ።"

አልተቀመጠችም። ነጂውን ከማዕዱ ላይ አስነሣችው። ሰውየው ምሳውን ስላቋረጠችበት እስከ ሐሰከ ከተማ ድረስ ሲያጉረመርም ሄደ፤ ሽማግሌውም ቀልዱን ተወ፤ ባለእርግቧ ጥቂት ቆይታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ እጇን በዋርዴ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ዋርዴ ያን እጅ እስካሁን ታስታውሰዋለች። የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም።

ቃሚሽሊ ሲገቡ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ሽሙኒ ሰፈር በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ከዳቦ ቤቱ ታጥፋ ወደ ጠባቡ መንገድ ስትገባ ዋይታ ሰማች።

ቆመች። ለቅሶው የሴቶች ነው፣ የብዙ ሴቶች፣ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ የሚቀበሏት። ወንዶች ወንበር ተሸክመው ይሮጣሉ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በሽሙኒ በር ይገባሉ። ሌላ በር አይደለም፤ ሰማያዊው፣ ወይን ሐረግ ያለበት፣ የሽሙኒ በር።

"እኔ ነኝ የገደልኳት" አልኩ በልቤ፣ አለችኝ ዋርዴ። "ወይ እሷ ሞታለች፣ ወይ ለአፍራም ሳይሞት አልቅሰውለታል። ሁለቱንም ያደረግሁት በመቀስ ነው።"

ግድግዳውን በመዳፏ እየያዘች ሄደች። ሰማያዊው በር ላይ ሃያ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች፣ ዓይኗ አብጦ፣ ለሚገቡት መጋረጃውን እየገለጠች።

"ማን ነው?" አለቻት ዋርዴ።

"ናዚራ ናት" አለች ሴቲቱ።

ናዚራ የኡም ያቁብ ልጅ ናት፣ ከሽሙኒ ፊት ለፊት ካለው ቤት። በምጥ ላይ ነበረች፤ ጧት ዐርፋለች፤ ሕፃኑ ተርፏል። የእነኡም ያቁብ ቤት ጠባብ ስለሆነ ወንዶቹ እዚያ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ማዶ ሽሙኒ ግቢ። በዚያ ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ሁለት ቤት አንድ ቤት ነው።

ሽሙኒ ከውስጥ ወጣች። ቆማ፣ በሁለት እግሯ፣ የውኃ ማሰሮ ይዛ።

"ዋርዴ? ምን ሆነሽ መጣሽ?"

"ናፈቅሽኝ" አለች ዋርዴ።

"በገና ሳምንት፣ ባልሽን ጥለሽ? ወፈፍ አድርጎሻል።" እቅፍ አድርጋት ጉንጯን ሳመች። "ፊትሽ ምነው እንዲህ በረደ? ግቢ፣ ግቢ።"

"መልኬ መጥቶ ነበር?"

"አላየሁትም። ምን ጊዜ አለኝ ዛሬ?"

መልኬ የተገኘው መንገዱ ጫፍ ላይ ነበር፣ በመኪናው ጣሪያ ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ ይዞ።

"ካርዱስ?" አለችው።

"ይኸው።" ከደረት ኪሱ ፖስታውን አወጣ። "አልሰጠኋትም። አትቆጪኝ ኡም ጂርጂ፣ ለቅሶ ያለበት ሰፈር ገብቼ የገና ኮከብ ላድል? የዚህን መንገድ ደብዳቤ በሙሉ ይዤ ልመለስ ነው። ክሌጃውን ግን መንገድ ላይ በልቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም።"

ዋርዴ ፖስታውን ይዛ ከግድግዳው ጀርባ ሄደች። ካርዱን ከፈተች። ጥቁሩ መስመር ከላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ ክፈፉ በዚያ በኩል እንከን አልነበረውም፣ ባሏ ሲሠራ እጁ ጥሩ ነው። ከሥሩ በራሷ ጽሕፈት፣ አፍራም። ጥቁሩን ጠርዝ በጥርሷ ነክሳ ቀደደችው። ቀለሙ መረረኝ አለችኝ።

በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ ላይ ገና አልተከበረም፤ ዛፍ አልቆመም፣ ክሌጃ አልተጋገረም። ካርዱም ለሽሙኒ አልደረሰም። አፍራም በሚያዝያ ሪዝ አሳድጎ፣ ከስቶ፣ በሰላም ተመለሰ። አሁን የልጅ ልጅ አለው። ሽሙኒ እስክትሞት ድረስ እህቷ ናፍቃት እንደመጣች ታወራ ነበር፤ ማንም የተለየ ነገር አልነገራትም።

ዋርዴ ይህን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። የሞት ወረቀቱንም ጻፊው፣ አሁን አቡ ጂርጂን ማን ይከሰዋል፣ አለችኝ። አንዲት ነገር ብቻ አስቀሪልኝ ብላ ለምናኛለች፤ ስትለምነኝም ዓይኔን አላየችም።

በሰማያዊው በር ላይ የቆመችው ሴት "ናዚራ ናት" ስትላት፣ ዋርዴ ጮክ ብላ "ተመስገን" አለች። ሴቲቱ የናዚራ ታናሽ እህት ነበረች። ለእነሱ ሐዘን ከሐለብ ድረስ የመጣች መስሏት፣ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመቻት።