«እናትሽ ትንሽ አሟታል»

የአዲስ አበባው ማራቶን በሚሮጥበት እሑድ ጋሽ አባይነህ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። መሐል ሜዳ ከተማ ገብተው፣ ቴሌቪዥን ካለበት ሻይ ቤት ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ልጃቸው ትርሲት ከሯጮቹ መካከል ብቅ ስትል ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። የማያውቃቸው ሰው ኩራት ይመስለዋል። የኩራታቸው ጊዜ እንኳ ካለፈ ቆይቷል።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገር። ገብሳቸውን አርሰው፣ በጋቸውን አርብተው፣ ማንንም ሳያስቀይሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ በሽታ ነበረባቸው፦ ሰውን «እርዳኝ» ማለት አይችሉም። ለዘመድም ለጎረቤትም ሲደርሱ የሚቀድማቸው የለም፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ምላሳቸው ይታሰራል።

ትርሲት ደብረ ብርሃን ካለ የሯጮች ክለብ በገባች በጥቂት ዓመቷ፣ አሠልጣኟ ይሥሐቅ ለአዲስ አበባው ማራቶን መረጣት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጓሳ ተከፈተ። ጓሳ ሕግ ያለው መሬት ነው። ለዓመታት ተዘግቶ የቤት ክዳን የሚሆነው ሣሩ ያድጋል፤ ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይታወጅና እያንዳንዱ ቤት ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በተባለው ቀን ያላጨደ እስከሚቀጥለው መከፈት ድረስ የሰው ክዳን እያየ ይኖራል። የጋሽ አባይነህ ጣራ በስብሶ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስባቸው ከርሟል። ጉልበታቸው አብጦ ደግሞ ዳገት አልወጣ ብሏቸዋል። ጎረቤታቸው ጋሽ ወዳጆ ጎረምሳ ልጆች አሏቸው፤ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ጋሽ አባይነህ ያችን ቃል ከሚያወጡ ብለው ደብረ ብርሃን ደወሉ።

«እናትሽ ትንሽ አሟታል፤ ነይ» አሏት።

ትርሲት ሩጫዋን ጥላ መጣች። እናቷ ተሾመች የሣር መሸከሚያ ገመድ በትከሻዋ አድርጋ፣ ደህና ሆና ደጅ ቆማ ነበር። ልጅቱ እናቷን አየች፤ ግድግዳው ሥር የተሳለውን ማጭድ አየች። ጓሳ ወጥታ አጨደች። ጓደኞቿ አዲስ አበባ ላይ ሲሮጡ እሷ ሣር ተሸክማ ቁልቁለቱን ትወርድ ነበር። ጋሽ ወዳጆ መንገድ ላይ ቢያገኟት ክው አሉ። ማታውኑ መጥተው፣ ለእኔ ብትነግረኝ ልጆቼ በግማሽ ቀን ይጨርሱልህ አልነበረም ወይ ብለው ወቀሷቸው። ቤቱ ተከደነ፣ ማፍሰሱንም ተወ። ነገሩ ግን በቤቱ ውስጥ አንድም ቀን ሳይነሣ ቀረ፤ አባትየው «ዋሸሁሽ» አላሉም፣ ልጅቱም «ለምን?» አላለችም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሳቸው እያደር ከበደ።

ከጊዜ በኋላ ትርሲት ለዚያው ሩጫ ዳግመኛ ተመረጠች። ያን ጊዜ ተሾመች በእውነት ታመመች። ሆዷን ይዟት ሰውነቷ አለቀ፤ ሐኪሙም ወደ ቤቷ ውሰዷት ብሎ መለሳት። ጋሽ አባይነህ ልጃቸውን ሊጠሩ ስልኩን ሲያነሡ ተሾመች ከመደብ ላይ ሆና እጃቸውን ያዘች።

«አንድ ጊዜ በእኔ ስም ዋሽተህ አስቀርተሃታል። አሁን ተዋት፤ ሩጣ ትምጣ» አለቻቸው።

እሳቸውም ተዉ። ተሾመች የእሑዱን ሩጫ ከጋሽ ወዳጆ ሬዲዮ ስትሰማ ቆይታ፣ ሯጮቹ ሳይጨርሱ አረፈች።

በመንዝ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ መከረ። ልጅቱ ደክሟታል፣ በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ደንግጣ አንድ ነገር ትሆናለች፤ አሟታል ብለህ ጥራት፣ እዚህ ከደረሰች በወጉ እናረዳታለን አሏቸው። ለሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ትክክል ነበር። ጋሽ አባይነህ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሌላ ቃል ፈለጉ፤ አልመጣላቸውም።

«እናትሽ ትንሽ አሟታል፤ ነይ።»

ትርሲት ሳቀች። «ደግሞ ጓሳ ተከፈተ እንዴ፣ አባባ? አራተኛ ወጣሁ እኮ፤ ለእማዬ ይንገሩልኝ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ነገ አርፌ ማክሰኞ እመጣለሁ።»

«የአሁኑ እውነት ነው» ቢሉ ይበቃ ነበር። ይህን ለማለት ግን የፊተኛው ውሸት እንደነበር በአፋቸው ማመን ነበረባቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት ጋሽ ወዳጆ ስልኩን ስጠኝ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ አባይነህ ፊታቸውን አዞሩ።

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አሉና ዘጉት።

በማግስቱ ቀብሩን የቻሉትን ያህል አዘገዩት። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሲጠብቁ እሳቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም፤ የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ መጥቶ ሰው ሁሉ ወረደ፣ ትርሲት የለችም። አፈር ሲመለስ «ልጄን አስቀረኋት፣ ልጅሽን አስቀረሁብሽ» እያሉ አለቀሱ። ለቀስተኛው ለሩጫው ሲሉ ዘግይተው የጠሯት መስሎት ነበር።

ማክሰኞ ትርሲት የክለቧን ቱታ ለብሳ፣ ለእናቷ የገዛችውን ሹራብ በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ድንኳኑን ስታይ ቆመች። ወግ ያለው መርዶ አላስፈለገም። አባቷን አልጠየቀችም፤ ወደ ጋሽ ወዳጆ ዞረች።

«መቼ ነው?»

«እሑድ ጠዋት፣ ልጄ።»

ከዚያ አባቷን አየች። «እሑድ ከሰዓት አነጋግረውኝ ነበር እኮ፣ አባባ» አለች። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። ጋሽ አባይነህ ሊያቅፏት ቀርበው፣ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

ትርሲት አባቷን አልጣለችም። ትጠይቃቸዋለች፣ ለበዓል ትመጣለች፣ ስትናገራቸውም አክብሮቷ አልጎደለም። ስልክ ስትደውል ግን አንድ ልማድ አላት። ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል ሲሏት እስከ መጨረሻው ታዳምጥና «እግዚአብሔር ይመስገን። እስቲ ለጋሽ ወዳጆ ይስጡልኝ» ትላለች። ጋሽ ወዳጆ ስልኩን ተቀብለው አዎ ልጄ፣ ደህና ነው፣ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል ይሏታል። ያን ጊዜ ድምፅዋ ቀለል ይላል።

ዘንድሮ ሩጫው እንዳለቀ ጋሽ አባይነህ ከሻይ ቤቱ ራሳቸው ደወሉላት። ሁለተኛ ወጥታ ነበር። አየሁሽ፣ ጎሽ አሏት፤ ሰውነታቸው እንዴት እንደሆነ ስትጠይቅም በጣም ደህና ነኝ አሉ። እውነታቸውን ነበር።

«ጋሽ ወዳጆ አጠገብዎ አሉ?»

«የለም፤ በግ ሊሸጥ ዘመሮ ገበያ ሄዷል።»

«እንግዲያውስ እሳቸው ሲመለሱ መልሼ እደውላለሁ፣ አባባ።»

ጋሽ አባይነህ ሻያቸውን ከፍለው ወጡ። ቤታቸው አልገቡም፤ ከዘመሮ የሚመጣው መኪና ከሚቆምበት ሄደው፣ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።